የመሰላል ማኅበር

ገንዘብ ያዥ አረጉኝ ባለፈው ኅዳር፣
እጁን የሚያወጣ ቢጠፋ በመንደር።
ቮበ፣ ሰማንያን የዘለለው፣ ሦስት መዝገብ ጭኖ በብስክሌት፣
ዝናብ እየመታው መጣ እኔ ቤት።
«ሻጋታውን ቻይው» አለኝ ካፖርቱን እያራገፈ፣
«ከኔ በፊት የነበረ ሁሉ እዚህ ላይ ተንፍሶ አለፈ።»

የፊተኛው ገጽ ቀለሙ ዝጓል፤
በነሱ ሃያ ዘጠኝ፣ በኛ ሃያ አንድ ይሆናል።
የኦስተርፌን ቦይ ድንጋይ መስሎ በረጋ በየካቲት፣
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ወጣች ልትንሸራተት።

     «በረዶው ተከፈተ። ሰው ሞልቶ ነበር።
     መሰላል አልነበረም።»

ከዚህ በታች ባዶ መስመር።
አንዲት የቀለም ጠብታ ብቻ፣
ብዕሩ ቆሞ ሲጠብቅ የወረደች።

በሳምንቱ ሰባት ሆነው ከፈረስ ጋጣ ኋላ ተቀመጡ፦
አናጺ፣ መምህር፣ ሁለት ዓሣ ነጋዴ፣
ደወል ደዋዩ፣ መድኃኒት ቀማሚው፣
አንዱ ደግሞ ስሙን ውሃ የበላው።
ሳንቲም አዋጥተው ጣውላ አስመጡ፤
አሥራ ሁለት ቀይ መሰላል፣ ለማንሣት ቁልፍ የማይጠይቅ።
እድር መሰለኝ ሳነበው፣ ድንኳንና ድስት የሌለው እድር፤
እኛ ለቀብር እንደርሳለን፣
እነሱ ቀብሩን ሊቀድሙት ተማማሉ በቦዩ ዳር።

     «ሁለት መሰላል ተሰረቀ። አንዱ ዶሮ ቤት ላይ ተገኘ።»
     «የቄሱ ፍየል ከቦይ ወጣች። ምስጋና አልደረሰንም።»
     «ስለ ቀለም፦ ቀይ ወይስ ቢጫ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት።
     ሁለት አባላት ጥለው ወጡ። ቀይ ሆኖ ይቆይ።»
     «ሴቶች አባል ይሁኑ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለከርሞ ተላለፈ።»

ከርሞም ለከርሞ ሰጠው፣ ሃያ ሦስት ዓመት፤
ይህን ሁሉ የጻፈችው ግን ሴት ናት፣
የጸሐፊው ሚስት ሂስከ፣ ባሏ ፊደል ስለማይሆንለት፤
አምስት ቁጥርን እንደ ዓሣ መንጠቆ አጉብጣ የምትጽፍ፣
ስሟን የትም ያላሰፈረች ሴት።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። ዘልዬው ነበር።
በነሱ አርባ ሁለት፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ በዚያው የመንጠቆ እጅ፦

     «አባል ቁጥር 5፣ መድኃኒት ቀማሚው ሊፕማን ድሩከር፣
     የአራት ወር መዋጮ ስላልከፈለ
     በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ተሰርዟል።
     አዲስ ገመድ ተገዛ፣ ሃያ ሜትር።»

ይኸው ነው።
ማን ወሰደው አይልም። ሚስቱንስ፣ ልጆቹንስ አይልም።
ቤቱ ከስብሰባው ሦስት በር ነበር።

ሁለት ቀን መዝገቡን አልነካሁም።
በሦስተኛው ቮበን ጠየቅሁት፤ ፍሬኑን ይፈታ ነበር።
«ሊቀመንበሩ አባቴ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።
«እስኪሞት ድረስ፣ አንቀጽ ዘጠኝ እኮ አለ፣ ይል ነበር።»
ከዚያ ቡለኑን ጣለው። ቆይተን ከሣሩ ውስጥ ፈለግነው።

«የመዋጮውን ደብተር አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም።

አርባ ስድስት፦ ቁጥር 5፣ ተከፍሏል።
አርባ ሰባት፦ ቁጥር 5፣ ተከፍሏል።
ስም የለም። ሳንቲም አልጎደለም።
አምስቱ መንጠቆ ነው፣ እስከ ሰባ ዘጠኝ፣
ሂስከ እስከሞተችበት ድረስ።
ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ከዚያ በእርሳስ፤
ከዚያ በሚንቀጠቀጥ፣ እኔ በማውቀው እጅ።
በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልተነሣም።
ድምፅ አልተሰጠበትም።
«ማንም አልነገረኝም» አለ ቮበ፣
«እኔም ላንቺ አልነገርኩሽም። ደብተሩን ብቻ አመጣሁት።»

ይቅርታ ነው አልልም፤ ይቅር የሚለው ሰው የለም።
ዕዳ ነው፤ ተከፍሎ የማያልቅ፣
ስለማያልቅ የሚከፈል።

ከቦርሳዬ ሠላሳ ዩሮ አወጣሁ፣ ከሣጥኑ ጨመርኩ፤
ቁጥር 5፣ ተከፍሏል፣ አልኩ፣ ጻፍኩ።
የኔ አምስት ቀጥ ያለ ነው።

ማታ ቮበ ደወለ፦
«ሰባተኛው መሰላል አንድ እርከኑ ወልቋል።
ቅዳሜ መዶሻ አለኝ፣ ሚስማር ይዘሽ ነይ።»