ማውረድ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቫልፓራይሶ ወደብ፣
ክሬን ላይ ኖሬአለሁ ከመርከብ ወደ መርከብ፤
አንድም ሣጥን አልወደቀ፣ አንድም ዕቃ አልነቃ።
ዛሬ ሐኪሙ አለኝ፦ «ማንቆርቆሪያም በቃ።»

ካንሰሩን ከነፕሮስቴቱ ቆርጠው አወጡ፤
ባሥራ አንደኛው ቀን ቱቦውን ሊነቅሉ መጡ።
«ድነሃል» አሉኝ። አመንኩ። ደስ አለኝ።
ደረጃው ላይ ሳስነጥስ ሱሪዬ ራሰብኝ።

ዳይፐሩን የምትገዛው ኔሊዳ ናት፣ ከሩቅ ፋርማሲ።
«ለእናቴ ነው» ትላለች።
እናቷ ከሞቱ ስምንት ዓመት አለፈ።
ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤
እጇን ጀርባዬ ላይ ታኖራለች፤
አንጠያየቅም።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ፣ ባለ እንጨት አዳራሽ፣
ሰባት ሽማግሌ፣ ሰባት ስስ ፍራሽ፤
ያስና የምትባል ልጅ ባዶ እግሯን የቆመች
«ከመቀመጫ አጥንታችሁ መሐል ነው» ትላለች፤
«ትንፋሽ ስታወጡ አንሡ፤ አትጭመቁ፤ አንሡ።
በእጅ የሚያዝ አይደለም፤ በሐሳብ ዳስሱ።»

ምኑን? አልኩ በሆዴ።
ዮጋ የወጣት ነው፣ የቀጭን ነው፤
እኔ ያነሣሁት ሁሉ ክብደቱ ተጽፎበት ነው።

በሁለተኛው ማክሰኞ
አጠገቤ የተኛው ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ
ፈሱ አመለጠው።
ዝም አልን። ጣሪያውን አየን።
ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣
ስንስቅ ራስን፤ ስንርስ ሳቅን።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው እንዲህ ያለችው፦
«አሁን አውርዱ። አትጣሉት፤ አውርዱት።»

ያኔ ገባኝ።
ማንሣትማ ማንም ያነሣል፤ የሞተር ነው ጉልበቱ፤
ማውረድ ነው የክሬን ሰው ሙያው፣ ዕውቀቱ፤
ንፋስ ሲያወዛውዝ፣ ታች ሰው ቆሞ ሳለ፣
ገመዱን በጣት ጫፍ ቀስ፣ ቀስ እያለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።
ወደ አሮጌዋ ካቢኔ ወጣሁ።
አንዲት ትንሽ ነገር፣ ክብደት ያልተጻፈባት፣
ከመርከቡ ሆድ ተነሣች።
ያዝኳት። አራት ቆጠርኩ።
አወረድኳት፤
መሬት ስትነካ ድምፅ አልነበራትም።

ሐኪሙ ስለ ሌላው ነገር «ጊዜ ይፈልጋል» ይላል፤
ምናልባትም አይመለስም፤ እሱንም አልደበቀኝም።
ሐሙስ ዕለት ግን፣ ከገበያ ስንመለስ፣ ደረጃው መካከል፣
አስነጠሰኝ።
ኔሊዳ ሱሪዬን አየች። ባሕሩን አየች።
«ደኅና ነህ?»
«ጠብታ» አልኳት። «አንድ ጠብታ።»
ሽንኩርቱን ከእጇ ተቀበልኳት።

ያን ሌሊት ግድግዳውን ተውኩት፤
ፊቴን ቀስ ብዬ
ወደ እሷ አወረድኩት።