ምንም አታድርግ

አፉላ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ሊፍት የሌለው ቤት፣
አራተኛ ፎቅ ነው የጠሩኝ፣ በግንቦት።
ደረጃው ላይ የሱፍ ቅርፊት ተበትኗል፣
ከየበሩ ኋላ ቴሌቪዥን ይጮኻል።

በር የከፈቱልኝ አባ ገብያው ናቸው፤
ሰማንያን ያለፉ፣ ዘንግ ነው ምርኩዛቸው።
ድሮ ጠለምት ሳሉ፣ ድንበር የገፋውን፣
ደም የተቃባውን፣ ሚስቱን ያስከፋውን
ዋርካ ሥር አስቀምጠው ያስታርቁ ነበር፤
ዛሬ ግን ተረቱ ባንድ ኮምፒውተር።
«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ እየሳቁ፤
«ብዬ ብዬ ደከመኝ፣ እንቢ አሉ ሊታረቁ።»

ጉዳዩ እንዲህ ነው።

የእህታቸው ድምፅ ነው፤ በካሴት የላከችው፣
በሰው በሰው፤ እጇ ፊደል አያውቅ፣ በአፏ የጻፈችው።
ሠላሳ ሦስት ዓመት በመሳቢያ ከርሞ፣
አንድ ወጣት መጥቶ፣ የላላ ክሩን አክሞ፣
ፋይል አደረገው። አባ ጠዋት ጠዋት
ሁለቴ ጠቅ አርገው ይቀመጣሉ ሊሰሟት።
«ቀዩ በሬ ሞተ፤ ጤፉ ግን ደህና ነው፤
እናንተ ጋ ብርዱ፣ በረዶው እንዴት ነው?»

ሞርያ ደግሞ አለች፣ የልጅ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፤
ከብስክሌት ወድቃ በጀሶ ታሽጓል ባቷ፤
ከክፍሏ የቀረች፣ አስተማሪዋን የምታይ
በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው መስኮት ላይ።

የትምህርቱ ጥሪ ገና ብቅ ሲል
እህትየዋ ትሰጥማለች፤
ጉድጓድ ወርዳ እንደምታወራ።
«ጤፉ ግን...» ትልና፣ ከዚያ ሹክታ፣ ከዚያ ዝም።

«ማዳመጫ ይግዙ» አልኩ።
«ጆሮዬ ውስጥ ያለው ማሽን ጣውንት አይወድም» አሉ።
«ደግሞስ ቀድማ የመጣች እሷ፤ እንግዳይቱ ገብታ
ባለቤት ታስወጣ? በየትኛው ፍርድ፣ በየትኛው ቦታ?»

ሥራዬን ያዝኩ። ድራይቨሩን አደስኩ፤
ስፒከሩን ነቀልኩ፣ መሰኪያውን አበስኩ፤
«መሣሪያውን ለብቻው ይያዝ» የሚል ምልክት አለ፣ ያንንም ሰረዝኩ።
ምንም።
ቬንቲላተሩ ያንኑ ሙቀት ከግድግዳ ግድግዳ ያመላልሳል።

ኋላ፣ ከድምፅ ማስተካከያው ጓዳ፣ በመጨረሻው ትር፣
አገኘሁት፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ አጭር ዝርዝር፦
ጥሪ ሲመጣ ሌላው ድምፅ ምን ይሁን?
ይዘጋ።
ከመቶ ሰማንያው ይቀነስ።
ግማሹ ይቀነስ።
ምንም አታድርግ።

ነጥቧ ሰማንያው ላይ ተቀምጣለች።
ተረጎምኩላቸው።
«ማን ነው ይህን የፈረደ?
ማንም ሳይከስ፣ ማንም ሳይመሰክር፣ ሰማንያ?»
«ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲሁ ነው፣ አባ።»
«መድኃኒቱስ?»
«ምንም አታድርግ የምትለው ናት።»

ሳቃቸው መጣ፤ ሳል አስከተለ።
«ይህን ፍርድ አንድም ቀን ደፍሬ አልሰጠሁ፤
ሰው የሁለት ቀን መንገድ በግ ጎትቶ መጥቶ
ምንም አታድርግ አይባልም።»
ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።
«ስንቱን ግን እኔ ገብቼ አነቅሁት።
አንዱን፣ ወንድሙ ሲናገር ዝም በል ያልኩት፣
ዝም እንዳለ ሞተ።»

ነጥቧን አወረድኳት። «እሺ» የሚለውን ነካሁ።

ሁለቱም ባንዴ ተነሡ፤
አስተማሪዋ በዕብራይስጥ ስለ ክፍልፋይ፣
እህትየዋ በአማርኛ ስለ በሬ፤
ጫጫታ፣ የቅዳሜ ማታ ገበያ፣
ቃል ከቃል አይለይም።
የአንዷን ድምፅ ዝቅ ላደርግ እጄን ስሰድ
አባ ገብያው ያዙት፤ ተው።

ካሴቷ ውስጥ፣ ከነፋሱ ኋላ፣ ያች ሴት ጠየቀች፦
«ትሰማኛለህ ወይ?»
አስተማሪዋም ያንኑ ጠይቃ ኖሯል መሰል፣
ሞርያ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ፣ በዕብራይስጥ
«አዎ፣ ይሰማኛል» አለች።

አባ ዘወር ብለው ልጅቷን አዩዋት፣ ረጅም ጊዜ።
እኔ ገመዶቼን ጠቀለልኩ።
ሁለተኛው ፎቅ እስክደርስ ድረስ
ክፍልፋዩም በሬውም ይሰሙኝ ነበር።