ግስ የሌለው ቀስት

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ገና ሲያንቀላፋ፣
ደሴ ከመስኮቱ ከነቤቱ ሲጠፋ፣
ሲስተር አንሻ ገባች አዳሯን ጨርሳ፣
ከችኮላዋ ብዛት ሹራብ ገልብጣ ለብሳ።
ትናንት የጻፍነውን፣ በቃል ያጠናነውን፣
ምልክት አንድ፣ ምልክት ሁለት የሚለውን፣
ጠረገችው ሰሌዳውን።

መሀል ላይ አንድ ክብ።
ውስጡ «የልብ ድካም» ብላ አልጻፈችም፤
«እትዬ ጦይባ፣ አልጋ ዘጠኝ።
እንግዳው በሽታው ነው፤ ባለቤቱ እሳቸው።»

እኔ ሸምዳጅ ነበርኩ፤ ከኩታበር ደሴ
በሽምደዳ የመጣሁ፣ በአንድ እስትንፋሴ።
ክቡን በቀስት ከበብኩት፦ ያበጠ እግር፣
የሚያጥር ትንፋሽ፣ የሦስት ትራስ ክምር፣
ላሲክስ፣ ጨው መቀነስ፣ ሚዛን በየጠዋቱ፤
በማስመሪያ ተሰምሮ፣ አማረ ቀስቱ።

«ሙሐባ» አለችኝ፣ «ቀስትሽ ግስ የለውም።
ግስ የሌለው ቀስት አጥር ነው፤ መንገድ አይሆንም።
ከላሲክስ ወደ እብጠት ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?»
«ይቀንሳል።»
«ታዲያ በወር ሁለቴ ለምን አብጠው መጡ?
ሂጂ፤ ግሱ ያለው እሳቸው ጋ ነው።»

ወረድኩ። የሴቶች ክፍል፣ የበረኪና ሽታ።
ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣
ታማሚዋ እኔ ይመስል።
ከመቀነታቸው ቋጠሮ ኪኒን ፈቱ፤
አስራ አንድ ፍሬ፣ ያልተዋጠ።
«ማታ ማታ ዋጪ ተባልኩ። ሌሊት አራቴ ያስነሳኛል።
ሽንት ቤታችን ከግቢው ታች ነው፣ መብራት የለው፣
ቁልቁለቱ ደግሞ በክረምት ሳሙና ነው።
አምና ጎረቤቴ እዚያው ወድቃ ዳሌዋ ሄደ።
ወላሂ መድኃኒቱን ንቄ አይደለም።»

ተመልሼ ጻፍኩ፤ ያለ ማስመሪያ።
ከላሲክስ ወደ ሌሊት፦ ያስነሳል።
ከሌሊት ወደ ቁልቁለት፦ ያወርዳል።
ከቁልቁለት ወደ ጎረቤት ዳሌ፦ ያስታውሳል።
ከዳሌ ወደ መቀነት፦ ይቋጥራል።
ከመቀነት ወደ እግር፦ ያሳብጣል።

ወረቀቴ ተበላሸ። የኛን ሰፈር መሰለ፤
አንዱ መንገድ በሌላው ጓሮ የሚያልፍበት፣
ደረጃው ሰው ቤት ጣሪያ ላይ የሚያልቅበት።

ሲስተር አንሻ ብዙ አየችው።
በቀይ እስክሪብቶ «ማታ»ን ሰርዛ «ጠዋት» አለች፣
«ሐኪሙን እናስፈቅዳለን።»
ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ጨመረች፤ ውስጡ «ፖፖ»፤
«ሰኞ ገበያ ስንት እንደሆነ ጠይቂ።»

ማርክ አልሰጠችኝም።
ሹራቧ መገልበጡን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
እሷ ግን ወደ አልጋ ዘጠኝ እየወረደች ነበር።