መብራት የጠፋ ለት

ላታሞ ምላጩን አንገቴ ላይ አቆመ፤
በመስታወት አየኝ፣ ጠየቀኝ፣ ደገመ፦
«የዚያ ሰውዬ ጠበቃ አንተ ነህ ይሉኛል፤
እውነት ነው? እናቷ ጎረቤቴ ናት፤ ያንገበግበኛል።»
አረፋው ጉንጬ ላይ ይደርቃል።
«መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ነኝ» አልኩት በዝግታ፤
ምላጭ ስር ያለ ጉሮሮ አያበዛም ሐተታ።
ላጨኝ፤ አንድ ቦታ እንኳ ሳይቆርጠኝ ጨረሰ፤
ሂሳቤን ስዘረጋ ግን እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

ችሎቱ ዝግ ነው። በር ላይ ፖሊስ ቆሟል፤
ወሬ ሊሰማ የመጣው ሁሉ ኮሪደር ላይ ቀርቷል።
ልጅቷ ከእኛ ጋር አይደለችም፤ ከጎን ክፍል ናት፤
አንዲት ባለሙያ አጠገቧ፣ ወንበሩ ረዝሞባት።
እኛ በስክሪን እናያታለን፤ እሷ አታየንም።
ስሟን እዚህ አልጽፍም።
ጥያቄዬ በባለሙያዋ ጆሮ ገብቶ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣
በሌላ ሰው ድምፅ ይደርሳታል፣ ለስልሶ፣ በርዶ።
«መቼ ነበር?» ተባለች።
«መብራት የጠፋ ለት» አለች።
ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፤ ጸሐፊው እንደሰማ ጻፈ፤
ዐቃቤ ሕጉ ራሱን ነቀነቀ፣ ገጹን ገለጠና አለፈ።
ክሱ «ረቡዕ ማታ» ይላል፣ ከነማኅተሙ።

በእረፍት ሰዓት አንዲት ሴት፣ ባዶ ኩባያ ይዛ፣
«ጋሼ፣ ለልጅ የሚሆን ውሃ የት አገኛለሁ?» አለችኝ ፈዛ።
የማን ጠበቃ እንደሆንኩ አታውቅም።
እስከ ቧንቧው ወሰድኳት።
ስሜን ስትጠይቀኝ ያልሰማሁ መሰልኩባት።

ሰኞ የመብራት ኃይልን ደረጃ ወጣሁ፤
ቆጣሪ ተበላሸ ከሚሉት ጋር ወረፋ ጠበቅሁ።
ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣
መዝገቡን ወረደችው፣ በጣቷ መስመር ተከትላ፦
«ያ ሰፈር መብራት ያጣው ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ ሌሊቱን ሙሉ በርቷል።»
ማኅተም መታች። ቀለሙ አውራ ጣቴ ላይ ቀርቷል።
ማክሰኞ ደግሞ ደንበኛዬ ሻሸመኔ፣ ጋራዥ ነው፤ ደረሰኝ አለው።
ሕጉ ጥርጣሬን ለተከሳሽ ነው የሚሰጠው።

«በነፃ ይሰናበት።»
ሰውዬው ጨበጠኝ። መዳፉ ደረቅ ነው፣ ሙቀት ያለበት።
ሐይቁ ዳር ወረድኩ፣ አሞራ ገደል፤
አባ ኮዳዎቹ ጥቁር ካባ ደርበው፣ ራሳቸው መላጣ፣
ቆመው ይጠብቃሉ ከዓሣ አራጁ ቢላ የሚጣል አንጀት እስኪመጣ።
የራሴን ካባ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ሥራ ለምን እንደምሠራ ላታሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ
አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር እለው ነበር፣ በስም ስህተት ታስሮ፣
አሥራ አራት ወር ቆይቶ የወጣ፣ እናቱ የሞተችበት፤
የቀብሯን ቀን ከእኔ አፍ የሰማበት።
አልጠየቀኝም።

ማታ ማታ ግን ማስታወሻዬን አወጣለሁ፤
የዚያን ቀን በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ የጫርኩትን አያለሁ፦
«የጠፋ? ወይስ ያጠፋ?»
በላዩ ላይ መስመር፤ ራሴ ያሰመርኩት፣ ሐሳቡ እንዳይሰፋ።
በ«የ» እና በ«ያ» መካከል ያለችው አንዲት ጭረት ናት፤
በአንዱ ሰፈር ሙሉ ይጨልማል፣
በሌላው አንድ ክፍል፣ በአንድ ሰው ጣት።
«ማን አጠፋው?» ብሎ መጠየቅ የነበረበት
ዐቃቤ ሕጉ ነው። እኔ አይደለሁም። ሥራዬ አይደለም።
ይህን ለራሴ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤
ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ስደርስ ነው እጄ የሚቆመው።

እያበራሁ አድራለሁ፤
የሐይቁ ትንኝ ሁሉ እኔ ቤት ነው የሚያመሸው።
ሂሳቤ ጨመረ። ልከፍል ሄጄ ተሰለፍኩ።
ወይዘሮ በለጥሻቸው ከመስኮቱ ጀርባ አወቀችኝ፣ ሳቀች፤
መዝገቡን ሳብ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች፦
«ጠበቃው! ዛሬስ የትኛውን ቀን ልፈልግልህ?» አለች።