ሰባተኛው ቤት

ሱንድስቫል ላይ ፀሐይ፣ ገና ስምንት ሰዓት ተኩል፣
ኮቷን ደርባ ትወጣለች፣ “ራሴን አመመኝ” እንደሚል
ሰነፍ ጸሐፊ፤ በሩንም ሳትዘጋው፤ ከኋላዋ ብርዱ ይገባል።

ውጪው ሃያ ሁለት ነው፣ ከዜሮ ወደ ታች፤
የመኪናችን እጀታ ጓንቴን ይዛ አስቀረች።
መዋለ ሕጻናቱ ትንግርትን “አፍንጫሽ ፈሰሰ” ብሎ መልሷታል፤
ኪሩቤልም እንዳይቀርበት፣ ሳል ሳይኖረው ስሏል።
እናታቸው ሆስፒታል ናት፣ እስከ ማታ ተረኛ፤
እኔ የሌሊት አውቶቡስ ሾፌር፣ የቀን ሞግዚት፣ አንድ ዓይኔ የተኛ።

ሃምሳ አራት ካሬ ሜትር። ሁለት ልጅ። አንድ ሶፋ።
ሶፋው እስከ ምሳ መርከብ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ባሕሩ ጠፋ።
ካልሲ አጣመርን፣ የማን እግር የማን እንደሆነ፤
ምስር በማንኪያ ከሳህን ሳህን ተጓዘ፣ ግማሹ ምንጣፍ ላይ ተበተነ፤
(ዛሬም በባዶ እግሬ ስሄድ አንዷ ፍሬ ትወጋኛለች፣
ለወጥ ያልታደለች።)

“እንቆቅልህ!” አልኩኝ። “ምን አውቅልህ!” አሉኝ።
“ቀን ሄዶ ሌት ሄዶ የማይደክመውን ንገሩኝ።”
“ወንዝ” እንዲሉኝ ነበር። ትንግርት በመስኮት አየች ወደ ታች፤
ወንዙ በረዶ ለብሶ ቆሟል። “ኪሩቤል ነው” አለች።
“አገር ስጡኝ” ልል ነበር፤ እሷ አገሩን ወስዳ ሄደች።

ከዚያ ከመሳቢያው ሰማያዊ ፕላስተር አወጣሁ፤
ሳሎኑ ወለል ላይ ሰባት ቤት ሠራሁ።
ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ፣ በሸክላ ስባሪ
ሰኞ ማክሰኞን ሳሰምር፣ እኔ ነበርኩ የሰፈሩ ፊታውራሪ።
እዚህ ጠጠር የለም፤ በረዶው ውጦታል፤
የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶ ለጠጠርነት ተሹሟል።
በየቤቱ ፊደል ጻፍኩ፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብዬ፤
“በአንድ እግር ነው” አልኩ፣ “ስትዘልዪ ጮክ ብለሽ ጥሪው፣ እሜትዬ።”

ሀ፣ ድም። ሁ፣ ድም። ሂ፣ ድም። ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ ዘፈነ፤
ኪሩቤል ከኋላ በሁለት እግሩ፣ አንዳንዴም በሆዱ፣ ተከታይ ሆነ።
ከሥር ወይዘሮ ጉንቦሪ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት፦ ድም!
ቀጥ አልን። ቤቱ ጸጥ አለ። ፍሪጁ እንኳ አልተነፈሰም።

በማግስቱ ወፍራም ካልሲ። ምንጣፍ ከምንጣፍ በላይ።
ሊፍት ውስጥ አገኘኋት፤ ቁመቷ አጭር፣ ኮፍያዋ ቡናማ፣ ዓይኗ ቁጥሮቹ ላይ፤
ይቅርታዬን በስዊድንኛ ደርድሬ አፌን ስከፍት፣
ቀድሞኝ አፉን ከፈተ ያ ሊፍት።
ወረደች። ይቅርታው ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ወጣ፣
እጄ ላይ እንደ ቀረ የሌላ ሰው ደብዳቤ፣ ባለቤት ያጣ።

ልጅን ካልሲ አያቆመውም፤ ሰኞም ዘለልን፣ ማክሰኞም፤
“ለ” ላይ ደረስን፣ “ሐ”ን አለፍን፤ መጥረጊያው ግን አልተመለሰም።

ሐሙስ፣ “መ” ላይ ነን። ትንግርት በአንድ እግሯ መጣች፤
መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፤ ስድስተኛው ቤት ስትደርስ ቆመች።
ም።
ሳድስ ነው፤ ከንፈር ይገጥማል እንጂ አያስተነፍስም፤
አንድ እግሯ አየር ላይ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም።
ዘነጋችው? ደከማት? አልነገርኳትም፤ ዝም አልኩ፤
(አስተማሪ አይደለሁም፤ መጠበቅን ግን ከፌርማታ ተማርኩ።)

ያኔ፣ ከሥር፣ ከጣሪያዋ፣ ከወለላችን፣
ድም።
አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ። ሲቆጥር እንደ ሰነበተ ሰው፣ የጎደለንን።

“ሞ!” አለች ትንግርት፤ እግሯ ወረደ፤
ኪሩቤል ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ “ድገሚ” እያለ ማለደ።

ማታ እናታቸው ቅንድቧ ላይ በረዶ ይዛ ገባች፤
“ዛሬስ ምን ተማራችሁ?” ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቀች።
“‘መ’ን” አለች ትንግርት። “ስድስቱን እኔ፣ አንዱን እሷ።”
“እሷ ማን?” ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ፦ “ቀስ በይ፤ ተኝታ ይሆናል እሷ።”