የሁለት ሌሊት ደረሰኝ

በግንቦት መጨረሻ የእቁቡ ዕጣ ወጣ፣ ስሜ ተጠራና፤
ጣሪያ ላድስ ነበር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቆርቆሮው ሳሳና።
አንጓች ግን አለችኝ፦ «ጣሪያው ቢያፈስ እንጂ ጥሎን አይሸሽም፤
ልጅ ነው የሚያመልጥ፤ ካደገ በኋላ ከኛ ጋር አይመሽም።»

ከፍኖተ ሰላም ሌሊት ተነስተን፣
ባሕር ዳር ደርሰን፣ ጀልባ ተኮናትረን፣
ዘጌን ዞረን አለፍን።

አባቴም አብሮን ነው፤ አለኸኝ ይባላል፤ የሰከላ ሰው ነው፤
ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከወንዝ የሰፋ ውኃ የማያውቅ ነው።
ጀልባው ላይ ሲወጣ ጫማውን አወለቀ፤
ቤተ ስኪያን ሊገባ መስሎት ነው መሰለኝ። ማንም አልሳቀ።

ሎጁ አምስት ጎጆ ነው፣ ከዋንዛ ሥር ያለ፤
መኪና የማይደርሰው፣ ኔትወርክ የከዳው፣ ከሰው የተነጠለ።
«ለቤተሰብ ምቹ» ይላል በሰሌዳ፤
ገብተን ብናየው፦ ተደራራቢ አልጋ፣ የተጣፈ አጎበር፣ ክዳን ያለው ገንዳ።
ጀኔሬተሩም በሦስት ሰዓት ያንቀላፋል፤
ከዚያ ወዲያማ ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጨረቃ ብቻ ይተርፋል።

ናርዶስ ስድስቷ ነው። ጣናን አየችና ክው ብላ ቀረች፤
«ይኼን ሁሉ ውኃ ማን ነው ሳይዘጋ የሄደው?» አለች።
እኛ ቤት ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ነው፤
ጀሪካን ስትደረድር ነው ያደገችው።

አቤኔዘር ደግሞ፣ ዐሥራ አራት ሊሞላው፣
ስልኩን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ዋለ፣ ምልክት ቢመጣው።
በማግስቱ ግን ስልኩን ጫማው ውስጥ ወሽቆ፣
ጠፍጣፋ ጠጠር በውኃው ላይ ሲያነጥር አየሁት፣
ከታንኳ ሠሪው ልጅ ጋር ተሳስቆ።

ሌሊት ከበሩ ሥር አንድ ነገር ሣሩን ይገነጥላል፤
«ዝም በሉ» አለ ዘበኛው ሸጋው፤
«ጉማሬ ነው፤ ደመወዝ ሳንከፍለው ግቢውን ይመለምላል።»
በግድግዳው ስንጥቅ ናርዶስ አሾልቃ፣ «አባ፣ የት ነው ልብሱ?
አይበርደውም?» አለች። እኔና አንጓች ሳቅን፣
ስንት ዘመን ያጣነውን ሳቅ፣
አልጋ ልብሱን ነክሰን፣ አባቴና ልጁ እንዳይነሱ።

ንጋት ላይ አባቴ የለም። አልጋው እንደተነጠፈ፣
ጫማው ከደጅ፣ ዱላው የለ፣ ልቤ ምቱን ገደፈ።
ሮጥሁ ወደ ዳሩ።

ከደንገሉ መሃል ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤
እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር እንደሚጨዋወት ያጉመተምታል።
«ምን ሆነህ ነው አባ?»
«ዝም በል» አለኝ፤ «ይኼ ውኃ እኮ የኛው ነው፤
ከሰከላ የወረደው፣
እናትህ በእንስራ የቀዳችው፣ በሬዬ የጠጣው።
ሲሄድ አይ ነበር፤ የት እንደሚያድር ግን ማን ነገረኝ?
ለካስ እንዲህ ተንጣሎ፣ ሥራ ፈትቶ፣
ሎጅ ይዞ ቀደመኝ!»

ፊቱን ታጠበ። ናርዶስ በፒጃማዋ መጣች፤
ሳትጠየቅ እጁን ይዛ ገባች፤ እስከ እምብርቷ ጠለቀች፤
«ታዲያ አያ፣ አንተ ነሃ ሳትዘጋው የመጣህ?» አለች።
አዛውንቱ አሰቡ። ጥፋቱን አመኑ።
«አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ። አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ነው፣
ዝም ያልሁት፣ ሲፈስ ዘመኑ።»

በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ደረሰኝ ቆረጠ፦
ሁለት ሌሊት፣ አምስት ሰው፣ ዓሣ፣ ሻይ፣
አንድ ብርጭቆ የተሰበረ (አቤኔዘር ነው)።
«የውኃውስ ሂሳብ?» አለ አባቴ። ልጁ ግራ ገባው፤
«ውኃውማ ነፃ ነው።»
አባቴ ኮራ፣ እንደ ባለርስት፣
ያልተጠየቀውን ዕዳ እንደ ማረ ሰው።

አሁን ሐምሌ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፤ እንዳለችው አልሸሸም።
ናርዶስ ባልዲውን ከሥሩ ደቅና፣
«አባ፣ ይኼም ጠብታ ወደዚያ ነው የሚሄድ?» ትለኛለች።
የኛ ሰፈር ጎርፍ መንገዱ ሌላ ነው፤ ወደ ብር ነው የሚወርደው፣ ጣና አይደርስም።

አዎ አልኋት።