ሽታ የሌለው

ድንጋዩ ገና ሳይግል፣ የከፊራ ጥላ ሳይሸሽ፣
ባጃጅ የግመል ወተት አራገፈ፤
ከሽንሌ የመጣ፣ ሌሊት የታለበ፣ አረፋው ያልረገፈ።
ግማሹ በሐን ነው፤ ከሥር በተሸመነ፣ ጢስ በጠገበ እቃ፤
ግማሹ በቢጫ ጀሪካን፤
ትናንት ዘይት ነበረበት፤ ዋጋው ርካሽ፣ አይሰበር፣ አይነቃ።

እኔ የበረዶ ሳጥን አንግቤ በመካከላቸው አልፋለሁ፤
"ዶክተሯ" ይሉኛል፤ አይደለሁም፤
የማይታይ ሕዝብ ቆጣሪ ነኝ፤ ጠብታ ውስጥ ሰፈር እፈልጋለሁ።

ወረቀቴ ላይ ሁለት ፊደል አለ፤
ሀ፣ ወተት አኮምጣጩ፤ ሆድ የሚያውከው ደግሞ ለ።
አንድ ስኳር ነው ቀለባቸው፣ አንድ ማጀት ነው ቤታቸው፤
በመካከል አንዲት ቁጥር፦
ጎረቤት ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚገፋው የምትለካው።
ማጀቱ የሞላ ለታ፣ ብዙው ሲቆም ጥቂቱም ይቆማል፤
እንግዲህ ፍርዱ የማን ነው? ቀድሞ የገባ ይፈርዳል።
ድሬ እንደሆነች አታዳላም፤
ሠላሳ አምስት ዲግሪዋን ለሁለቱም እኩል ትዘረጋለች።

ቀመሬ አለ፦ "የሐኑ ወተት ስምንት ሰዓት አያልፍም።"
አለፈ።
ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አለፈ።
ሲቆይ ገባኝ፤ እኔ የለካሁት በጠራ ብልቃጥ ነበር፤
ብልቃጥ ትናንት የለውም።
ሐኑ ግን አለው፤ በሽመናው ቀዳዳ፣ በጢሱ ጥላ ያደሩ፣
ወተቱን በር ላይ የሚጠብቁ፣ ከማንም ቀድመው የሚጀምሩ።
ጀሪካኑም ትናንት አለው።
የሌላ ሰው ትናንት ነው እንጂ።

ይህን ለኡባህ ሮብሌ ነገርኳት።
ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤
"አፍንጫዬ አርባ ዓመት አልዋሸኝም" አለች።
"የሚሸተው ዘበኛው ነው፣ እናቴ፤
ሌባው ሽታ የለውም።"

ዝም።
ወደ ሐኑ አየች፤ ወደ ጀሪካኑ፤
ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ ወደሚጣደፍበት ጎዳና።
"እሺ፣ ዘበኛሽ ደሞዙ ስንት ነው?"

ያ ቀመሬ ውስጥ አልነበረም። አሁንም የለም።

አምስት ሰዓት ሆነ። መስመሮቹ የሚሻገሩት ስምንት ላይ ነው።
ያልተሸጠውን ጀሪካን ገዛሁት።
"ለናሙና ነው" አልኳት፤
ናሙና ጣት የምታህል ብልቃጥ መሆኗን እያወቀች፣
አሥር ሊትሩን አንስታ አሸከመችኝ።
"ቀና አድርገሽ ያዢው" አለች፣
"ናሙናሽ እንዳይፈስ።"